የፑል ዱላ ቶርኖ አመራረጥ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

የፑል ዱላ ስሠራና ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ቶርኖ (ሥራውን እያዞረ በስለት የሚቀርጽ ማሽን) ልትገዙ ያሰባችሁ ጠይቁ። አስቀድማችሁ ግን ሥራችሁን ለዩ፦ ጫፍ መቀየር ነው ወይስ ሙሉ ዱላ መሥራት?

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ጥሩ ቶርኖ የትኛው ነው?

መልስ፦ ለምን ሥራ? ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

ጫፍ ቀያሪ፦ እኔ የምፈልገው የቆዳውን ጫፍና ከሥሩ ያለውን ቀለበት ለመቀየር ብቻ ነው። ትንሿ የጠረጴዛ ቶርኖ ትበቃኛለች?

መልስ፦ ትበቃሃለች። የስፒንድሏ (ሥራውን የሚያዞረው ውስጡ ክፍት አካል) ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የዱላው ጫፍ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከጀርባ አስገብተህ በቸኩ (በመንጋጋ ጨምድዶ በሚይዘው ክፍል) በኩል ታወጣዋለህ። መንጋጋው እንዳይነክሰው የተሰነጠቀ የናይለን ቀለበት አልብሰው። ከስፒንድሉ ጀርባ የሚተርፈውን እንጨት ደግሞ ደግፈው፤ ሳይደገፍ በፍጥነት ከዞረ እንደ ጅራፍ ይገርፋል።

ሙሉ ዱላ፦ ለእኔ ያስቸገረኝ ርዝመቱ ነው። ዱላው አንድ ሜትር ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረው።

መልስ፦ ሰው ሁሉ ርዝመት ላይ ይጨነቃል! ዱላው ከመሃል ሲፈታ እያንዳንዱ ግማሽ 74 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በሁለቱ ማዕከሎች (ሥራው በሁለት ጫፉ በሚያዝባቸው ሾጣጣዎች) መካከል 90 ሴንቲ ሜትር ካለህ ተርፎሃል። መጠየቅ ያለብህ ስለ ስፒንድሉ ቀዳዳ ነው። መያዣው ግርጌው ላይ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ 35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ካለህ በየትኛውም በኩል አስገብተህ ሁለቱንም ጫፍ ቸኩ ሥር ትሠራለህ። ቀዳዳው ከጠበበ ዱላው ውጭ ተንጠልጥሎ፣ በመደገፊያ እየታገዘ ይሠራል። ይቻላል፤ ግን ማዕከል ስትፈልግ ትውላለህ።

ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ ደግሞ ፑንታን (መብሻውን) አትመኑ። ፑንታ እንጨት ውስጥ ሲገባ ለስላሳውን ጅማት ተከትሎ ይጣመማል። አጥብበህ ብሳ፣ ከዚያ በጋሪው (ስለቱን ተሸክሞ በሚሄደው ክፍል) ላይ በታሰረ ባለ አንድ ምላስ ስለት ቀዳዳውን እያሰፋህ አቅናው። ባለ ሦስት መንጋጋ ቸክም ከማዕከሉ ትንሽ ይዛነፋል፤ ለመጋጠሚያ ባለ አራቱን ያዝና ጥቃቅን መዛነፍን በሚያሳይ ባለ ቀስት መለኪያ አስተካክል። ይህን የዘለለ ሰው ዱላውን ገጥሞ ጠረጴዛ ላይ ሲያንከባልለው መሃሉ ይዘላል።

የእንጨት ሰው፦ የእንጨት ቶርኖ እያለ ይህ ሁሉ የብረት ጣጣ ለምን? እኔ በእጅ ስለት ነው የምሠራው።

ጫፍ ቀያሪ፦ በእጅ ስለት የሚወጣው የወንበር እግር ነው።

የእንጨት ሰው፦ ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ስትሸነፍ እናያለን።

ጫፍ ቀያሪ፦ ጠረጴዛውን አንተ ምረጥ።

መልስ፦ ተዉ! የእንጨት ቶርኖ ቅርጽ ያወጣል፤ ስለት ተሸክሞ በልክ የሚሄድ ጋሪ ግን የለውም። መጋጠሚያ በእጅ አይቆረጥም። አለቀ።

ሙሉ ዱላ፦ የፊቱን ዘንግ (ጫፉ ያለበትን ግማሽ) በአንድ ቀን ልጨርሰው?

መልስ፦ በፍጹም። የሜፕል እንጨት ሲላጥ ውስጡ የታመቀው ጉልበት ይፈታና ይጎብጣል። በስሱ ላጠው፣ ለሳምንታት ቀጥ አድርገህ ስቀለው፣ እንደገና ላጠው። ጎብጦ ያደረውን ለሌላ ሥራ ተወው፤ እየገፋህ አታቅናው፣ ይመለሳል።

አዲስ ገቢ፦ ስለ ካርቦን ፋይበር ዱላስ?

መልስ፦ እኔ የእንጨት ነኝ። አቧራውን በአቧራ መምጠጫ ማሽን ሳብ፣ ጭንብል አድርግ። ቀጥል።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ አንብቤያለሁ። ለሁሉም ሥራ የሚሆን አንድ ቶርኖ ብቻ ይንገሩኝ።

መልስ፦ አላነበብክም። 35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከጀርባ ድጋፍ። ሦስተኛ ጊዜ አልጽፈውም።

ጀማሪው፦ ሻጩ የቀዳዳውን ስፋት ባያውቅስ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ነው! ካሊፐር (የስፋት መለኪያ) ይዘህ ሂድ፤ ግን ከጀርባ በኩል ለካ። የፊቱ አፍ ሾጣጣ ስለሆነ ሰፊ መስሎ ያታልላል። ካሊፐር ከሌለህ የዱላህን መያዣ ከጀርባ አስገባው፤ ካለፈ ያልፋል። ሞተሩን ግን እንዳታስነሳው፤ ጀርባው አልተደገፈም።