ሲስተም ልግዛ ወይስ በደብተሬ ልቀጥል?

በዚህ ወር የመረጥኳቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች በእጃቸውና በዓይናቸው ከሚያድሩ ሰዎች የመጡ ናቸው። ጥያቄያቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሥራው አለ፣ ደንበኛው አለ፣ ሥራውን የሚይዘው ነገር ግን ጠፍቷል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ የሀበሻ ቀሚስ አዘጋጃለሁ። ሦስት ሰፊዎችና አንዲት ጥላፊ አሉኝ፤ ሸማውን ከአዲስ አበባ፣ ከሽሮ ሜዳ ነው የማስመጣው። ትዕዛዝ በቴሌግራምም፣ በቲክቶክም፣ በስልክም ይመጣል። ሁሉንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ለጥምቀት የሁለት ደንበኞች ልክ ተቀያይሮብኝ አንዷ አልቅሳ ነው የሄደችው። አሁን አንድ ልጅ «ትዕዛዝ የሚይዝ ሙሉ ሲስተም (የኮምፒውተር ፕሮግራም) በ85,000 ብር እሠራልሻለሁ» እያለኝ ነው። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዢ እህቴ። ቢያንስ አሁን አትግዢ። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አልጠረጥርም። ግን ትዕዛዝሽ አንድ ቦታ ሳይሰበሰብ ሲስተም ቢገባ፣ ደብተሩ፣ ቴሌግራሙና ሲስተሙ ሦስት የተለያየ ወሬ ያወሩሻል። ማተሚያ ቤቴ ባለበት ሕንፃ ውስጥ ስንት ብር የፈሰሰባቸው ሲስተሞች ማንም ሳይከፍታቸው ቀርተዋል። የሱቁ ባለቤት ትወዳቸዋለች፣ ሠራተኞቹ ግን ዞር ብለው አያዩአቸውም።

ስልክሽ ላይ ጉግል ሺትስ የሚባለውን የሰንጠረዥ መተግበሪያ አውርጂ። ነፃ ነው። አንድ ትዕዛዝ አንድ ረድፍ ይሁን። የመጀመሪያው አምድ የትዕዛዝ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ስም፣ ስልክ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት፣ እጅጌ። ከዚያ የሸማው ዓይነት፣ የጥበቡ ቀለም፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ ቀብድ፣ ቀሪ። መጨረሻ ላይ «የት ደረሰ» የሚል አምድ ጨምሪ፤ ሽመና ላይ፣ ጥልፍ ላይ፣ ስፌት ላይ፣ ተረክባለች። ይህን አምድ ከዝርዝር የሚመረጥ አድርጊው እንጂ በእጅ አይጻፍ። አለበለዚያ አንዷ «ስፌት» ስትል ሌላዋ «ሰፊ ጋ» ትላለች፤ ስትፈልጊ አታገኚውም።

ልክ እንዳይቀያየር የሚያደርግልሽ ቁጥሩ ነው። ትዕዛዝ 47 ከሆነ፣ 47 የሚል ብጣሽ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ጨርቁ ላይ ይያዝ። ቴሌግራም ላይ ለደንበኛዋ «ትዕዛዝሽ 47 ነው» ብለሽ ጻፊላት። ፎቶዎቿም 47 የሚል ማህደር ውስጥ ይግቡ። ሁለት ሰላም የሚባሉ ደንበኞች በአንድ ሳምንት ቢመጡ እንኳ ሰፊዋ ስም አትጠይቅም፣ ቁጥር ታያለች።

ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ ማንም የእኛ አገር ሰው ሺት ሲጀምር ይገባባቸዋል። አንደኛው ስልክ ቁጥር ነው። 0911 ብለሽ ስትጀምሪ ሺቱ እንደ ሒሳብ ይቆጥረውና ዜሮዋን ይበላታል። ከመጀመርሽ በፊት የአምዱን ቅርጸት ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሪው። ሁለተኛው ቀን ነው። ሺቱ የኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጥር 11 ቀን 2018ን በቁጥር 11/5/2018 ብለሽ ብትጽፊ፣ እሱ ዘንድ ከዓመታት በፊት ያለፈ የፈረንጆች ቀን ነው። ጳጉሜን ከጻፍሽማ 13ኛ ወር ስለሌለው ወይ ቀን መሆኑን አይቀበልሽም፣ ወይ ሌላ ቀን አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ሁለት አምድ አድርጊ። አንዱ ላይ «ጥር 11» ብለሽ በቃል ጻፊ፤ እሱ ለአንቺና ለሰፊዎቹ ነው። ሌላው ላይ የፈረንጁን ቀን፣ ጃንዋሪ 19/2026ን፣ በቁጥር አስገቢ፤ በእሱ ቅደም ተከተል ታወጪበታለሽ። ጠዋት ስትከፍቺው ቀድሞ የሚደርሰው ትዕዛዝ ከላይ ይቀመጥልሻል።

ኔትወርክ ሲጠፋስ? ፋይሉን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት የሚያደርግ ምርጫ መተግበሪያው ውስጥ አለ። አሁኑኑ አብሪው። ኔት ሲመለስ የጻፍሽውን ራሱ ይልከዋል።

ቴሌግራምን አትተዪው፤ ገበያሽ እዚያ ነው። ግን የጥበቡን ቀለም ለደንበኛ ስታሳዪ ፎቶውን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ የክሩ ዝርዝር ይጠፋል። በተረፈ የቀን ብርሃን ላይ አንሺው። አምፖል ሥር የተነሳ ነጭ ሸማ ቢጫ ሆኖ ይታይና «ያሳየሽኝ ሌላ ነበር» የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል። ውጭ አገር ያሉ ደንበኞች ካሉሽ ዋትስአፕ ቢዝነስን ጨምሪ። እሱም ነፃ ነው። የቀሚሶችሽን ካታሎግ ከነዋጋው ትደረድሪበታለሽ፤ ስለዚህ «ዋጋ ስንት ነው?» ለሚል ሁሉ ጣትሽ እስኪደክም አትጽፊም። ቴሌግራምም የንግድ አገልግሎት አለው፣ ግን ወርሃዊ ክፍያ ለሚከፍሉ ብቻ ነው። ለጊዜው ይቅርብሽ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልበልሽ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ደንበኛ የምትልከው ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። ሐሰተኛ ስክሪንሾት መሥራት ዛሬ የደቂቃ ሥራ ነው። ቴሌብርም ሆነ ባንክ፣ ብሩ በራስሽ ሒሳብ መግባቱን በራስሽ ስልክ ሳታዪ መቀስ አታንሺ። ስታዪው የግብይት ቁጥሩን ሺቱ ላይ ከቀብዱ አጠገብ ጻፊው። ሺቱ ግን ለአንቺ ነው እንጂ ለገቢዎች አይደለም። ሕጋዊውን ደረሰኝ አይተካም፤ እሱን ከሒሳብ ሠራተኛሽ ጋር ጨርሺ።

ሲስተም የምትገዢበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ ሱቅ ስትከፍቺ፣ ወይም የጨርቅ ክምችትሽ ከዓይን ግምት ሲያልፍ። ያን ጊዜ ልጁን ጥሪውና ይቺን ሺት አሳዪው። «ይህን የሚሠራ ነገር ሥራልኝ» በዪው። ዋጋውም ያኔ ይወርዳል፤ የምትፈልጊውን ታውቂያለሽና።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፤ ሎጎና የሠርግ ካርድ እሠራለሁ። የምጠቀመው ሁሉ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሬ በቫይረስ ተሠቃይቷል። በነፃ ሕጋዊ ሆኜ መሥራት እችላለሁ? የአማርኛ ፊደልስ ይሠራልኛል?

መልስ፦ ትችላለህ። አፊኒቲ የሚባለውን የንድፍ ፕሮግራም አውርድ። ካንቫ የተባለው ኩባንያ በ2024 እ.ኤ.አ. የገዛው ነው፤ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ነፃ ሆኗል። የካንቫ አካውንት ከፍተህ ነው የምትገባው። ለሎጎም፣ ለፎቶም፣ ለገጽ ቅንብርም አንዱ ይበቃሃል። የሕትመት ቀለምም ያውቃል። ኢንክስኬፕም ለሎጎ ጥሩ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል። ደንበኛ የፎቶሾፕ ፋይል ቢያመጣብህ ፎቶፒ የሚባለውን በብሮውዘር ክፈት፤ ማስታወቂያውን ከታገስክ ነፃ ነው።

ለፊደል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ አሉልህ። ሦስቱም ነፃ ናቸው፣ ለንግድም ይፈቀዳሉ። የሚያስቸግርህ የድሮ ፋይል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በተለመደው መንገድ የተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ነበር የሚቀመጡት። ደንበኛው እንዲህ ያለ የጥሪ ጽሑፍ ሲልክልህ እንግዳ ምልክት ብቻ ታያለህ። አትታገለው። «እባክዎ ስልክዎ ላይ እንደገና ይጻፉልኝ» በለው፤ ከስልክ የሚመጣው ዩኒኮድ ነው። ስሙን አንተ ገምተህ አትጻፍ። የሙሽራ ስም ላይ «ሀ» እና «ኃ» መቀያየር የሠርግ ካርድ ነጋዴን ስንት ጊዜ ዳግም አሳትሟል።

እኛ ማተሚያ ቤቶች አብዛኞቻችን ኮረል የሚባለውን የንድፍ ፕሮግራም ነው የምንጠቀመው፤ አፊኒቲ ደግሞ የኮረልን ፋይል አይከፍትም። ስለዚህ ፒዲኤፍ ላክልን። ጽሑፉን ከርቭ አድርገህ፣ ማለትም ፊደሉን ወደ ቅርጽ ለውጠህ፣ ላክ። ከርቭ ያልሆነ ፋይል ከእኛ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ፎንት ይዞ ቢወጣ ጥፋቱ የላኪ ነው። ያልተለወጠውን ፋይል ግን ለራስህ አስቀር፤ ከርቭ ከሆነ በኋላ ፊደል ማረም አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ቅዳሜና እሑድ የሐበሻ ሠርግ እቀርጻለሁ። የክፍያ መጠየቂያ የምልክበት ነፃ ነገር አለ? ቪዲዮውንስ አዲስ አበባ ላሉ ወላጆች እንዴት ላድርስ?

መልስ፦ ለመጠየቂያው ዌቭን ሞክር፤ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ መጠየቂያ መላኩ ነፃ ነው። በካርድ ሲከፍሉህ ግን ከክፍያው ይቆርጣል።

ቪዲዮው ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ጉግል ድራይቭ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ከኢሜልህና ከፎቶዎችህ ጋር ነው የምትጋራው። አንድ ሠርግ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ጥሬውን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥ፤ አንዱ ቤትህ፣ አንዱ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ። ቅንብሩን በዳቪንቺ ሪዞልቭ ሥራ፤ ነፃው ይበቃሃል።

ለወላጆች ሁለት ነገር አዘጋጅ። በመጀመሪያ አጠር ያለች፣ ጥራቷ ቀነስ ያለች በቴሌግራም ላክ። እዚያ አንድ ፋይል በነፃ እስከ 2 ጊጋባይት ይሄዳል፤ ግን የእነሱን የዳታ ጥቅል አስብና ከዚያ በብዙ አሳንሰው። ዋናውን ደግሞ ፍላሽ ላይ አድርገህ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ላክ። ቴሌቪዥኑ አሮጌ ከሆነ ፍላሹን ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት አድርገው። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ስለዚህ ቪዲዮውን ክፍል ክፍል አድርገህ ቁረጠው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ለብቻ፣ አዳራሹ ለብቻ፣ መልሱ ለብቻ። ስሙንም በአማርኛ ሳይሆን በላቲን ፊደል ጻፈው፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን የግዕዙን ፊደል አራት ማዕዘን አድርጎ ያሳየውና እናትየዋ የትኛውን እንደምትከፍት ግራ ይገባታል።