ወንድምሽ ጭነት ይዞ መተማ ይውረድ ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ወንድምሽ ባለፈው ወር የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ አውጥቷል። አንድ ባለንብረት ደግሞ ሲኖ ሊሰጠው ነው፤ ከጎንደር ሲሚንቶ ይዞ መተማ፣ ሲመለስ ሰሊጥ። "ስልጠናው ይበቃዋል ወይስ እንከልክለው?" ነው ያልሽው። እኔ በዚህ መስመር 17 ዓመት ነድቻለሁ። አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ አዘዞ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ፤ ለመጻፍ ጊዜ አለኝ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

አትከልክሉት። ግን ብቻውን አትልቀቁት።

እኔ ያየኋቸው ማሰልጠኛዎች ሁሉ የሚያለማምዱት በባዶ መኪና ነው። ወደ ኋላ ማቆም፣ ዳገት ላይ ማስነሳት፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ መዞር፣ ከዚያ ፈተና። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ግን የለመደው ባዶውን ነው። ባዶ ሲኖና የተጫነ ሲኖ ሰሌዳቸው አንድ ይሁን እንጂ ሁለት መኪና ናቸው። ባዶውን ፍሬን ስትነኪው ይቆማል። የተጫነው መጀመሪያ ያስብበታል።

መንገዱን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ መተማ ዮሐንስ 800 እንኳን አትሞላም። እስከ አይከል ደህና ነው። ከአይከል ወደ ነጋዴ ባሕር ስትይ ግን መሬቱ ከስርሽ ይከዳሻል።

በሁለተኛ ዓመቴ እዚያች ቁልቁለት ላይ ልሞት ነበር። የጫንኩት ሲሚንቶ ነው። ከአይከል ስነሳ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ መኪናው ቀለለኝ። ከፍ ያለ ማርሽ እንደያዝኩ ፍሬን ነካ ነካ እያደረግኩ ወረድኩ። ሽታው ነው መጀመሪያ የመጣው። ረዳቴ "ኧረ የሚቃጠል ነገር አለ" አለኝ፤ እኔ ገበሬ ማሳ የሚያቃጥል መሰለኝ። ቀጥሎ አንድ ኩርባ ላይ ፍሬን ያዝኩ፣ ፔዳሉ እግሬ ስር እንደወትሮው ነው፣ መኪናው ግን አልሰማኝም። ማርሽ ልቀንስ ብዬ ነቀልኩ፤ ፍጥነቱ ስላለፈ አልገባም አለኝ። ይኸው ዜሮ ማርሽ ላይ፣ ቁልቁለት፣ ጀርባዬ ላይ ሲሚንቶ። በቀኝ በኩል የተቆረጠ ገደል ግድግዳ ነበርና ጎኑን አስጠጋሁት። ስፖንዳው ተላጠ፣ መስታወቱ ሄደ፣ ቆምን። ረዳቴ ታኮ፣ ጎማ ስር የሚጣለውን ማገጃ፣ ይዞ ሲዘል የኋላው ጎማ ይጨስ ነበር። ባለንብረቱ ጋ ስደውል መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሲሚንቶው ነው።

ፍሬኑ አልተበላሸም ነበር እኮ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የፍሬን ሸራ ከልክ በላይ ከጋለ መያዝ ይተዋል፣ ፔዳሉን ብትረግጪው ብትዘይበት ለውጥ የለውም። በአየር ፍሬን ላይ ደግሞ ነካ ነካ ባደረግሽ ቁጥር አየሩም ያልቃል። መፍትሔው ፔዳሉ ጋ አይደለም፣ ማርሹ ጋ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ፣ ማለት ዝቅ ያለውን፣ ትይዣለሽ፣ የሞተር ፍሬን ትከፍቻለሽ፣ መኪናውን ሞተሩ ይያዘው። ይህንን ያስተማረኝ ማሰልጠኛ አይደለም። የድሮውን አምስተኛ መንጃ ፈቃድ የያዙ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ናቸው፣ አይከል ሻይ ቤት ቁጭ ብለን። "በምትወጣው ማርሽ ውረድ፣ ከከበደህ አንድ ቀንስ" አሉኝ። በቃ። ነዳጅ ቆጥባለሁ ብሎ ዜሮ አድርጎ የሚወርደውን ደግሞ ምን ብለው እንደሚሰድቡት እዚህ አልጽፈውም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። የአክስቴ ልጅ ካናዳ ካልጋሪ ከባድ መኪና ይነዳል። እዚያ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2018፣ ሳስካችዋን ውስጥ፣ ገና ሥራ የጀመረ ሹፌር የቁም ምልክት ጥሶ መስቀለኛ መንገድ ገባ። የወጣት ሆኪ ተጫዋቾች ከያዘ አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ 16 ሰው ሞተ። ልጁ ከሌላ ሹፌር ጋር የሄደው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር፣ ከዚያ ብቻውን ለቀቁት። ምልክቱን ያላየው ለምን መሰለሽ? ተሳቢው ላይ የላላ የጭነት መሸፈኛ ሸራ ንፋስ እየመታው በመስታወት እሱን ሲያይ ነው! ሸራ ማሰር እንግዲህ ለእኛ የረዳት ሥራ ነው፣ ማንም አይቆጥረውም። ከዚያ በኋላ ያ ክፍለ ሀገር ለተሳቢ መንጃ ፈቃድ ቢያንስ 121.5 ሰዓት ስልጠና ግዴታ አደረገ። አውሮፓ ደግሞ ሙሉው የባለሙያ ስልጠና 280 ሰዓት ነው፣ አጭሩ 140፣ ከዚያም በየ5 ዓመቱ 35 ሰዓት ተመልሰው ይማራሉ። እኔ በ17 ዓመት አንድ ቀን ተመልሼ አልተማርኩም።

እና ምን ታደርጉ? ልጁ አንድ የሰሊጥ ወቅት በረዳትነት ይሂድ። ያፍራል፣ አውቃለሁ። መንጃ ፈቃድ ይዞ ታኮ መሸከም ሞት ይመስለዋል። ግን ሰሊጥ ተጭኖ ሲወጣ፣ ዳገት መሀል ማርሽ አልገባ ብሎ መኪናው ወደ ኋላ ሲል፣ ከጎማው ኋላ ሮጦ ታኮ የጣለ ልጅ ክብደት ምን እንደሆነ በእጁ ያውቃል። መጨረሻ ላይ እሱ መሪ ይያዝ፣ ነባሩ ሹፌር ጎኑ ይቀመጥ፣ ተጭኖ ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ ይውረድ። (ድንጋይ በታኮ ፋንታ ከተጠቀመ ሲነሳ አንስቶ ይሂድ። ማታ ለሚመጣው ባጃጅ ያ ድንጋይ መቃብር ነው።)

ባለንብረቱን ሁለት ነገር ጠይቁት። የሚከፍለው በወር ነው ወይስ በምልልስ? በምልልስ ከሆነ ልጁ እንቅልፉን ይሸጣል፣ ጫቱም ከዚያ ይከተላል። ሁለተኛ፣ ከልክ በላይ ይጭናል ወይ? "ሁሉም ይጭናል" ካላችሁ ሌላ ባለንብረት ፈልጉ። የመንገዱ ጸጥታ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ እሱን ከእኔ የበለጠ በየቀኑ የሚመላለሱት ይንገሯችሁ።

ወንድምሽን ግን ዛሬ ማታ ራት ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፦ "ከአይከል ወደ ነጋዴ ባሕር በስንተኛ ማርሽ ትወርዳለህ?" ወዲያው ቁጥር ከነገረሽ ረዳትነቱን ይጀምር። "ምን ጭኜ?" ብሎ መልሶ ከጠየቀሽ ግን ስልኬን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፣ የመጀመሪያውን ጉዞ ጉልበቴም ቢያመኝ ጎኑ እቀመጣለሁ።