መልስ፦ ኢንትሮን ተቆርጦ የሚወጣ ከሆነ ለምን ይኖራል?

«ፕሮቲን የሚወጣው ከኤክሶን ከሆነ ኢንትሮን ምን ያደርጋል?» ላልከው፣ ኤክሶን ማለት ከጂኑ ተገጣጥሞ የሚቀረው ክፍል ነው፣ ኢንትሮን ደግሞ በኤክሶኖች መሃል ያለው ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል ነው። ጂኑ መጀመሪያ እንዳለ ወደ አር ኤን ኤ (ፕሮቲን የሚሠራበት የጂኑ ቅጂ) ይገለበጣል፣ ከዚያ ኢንትሮኖቹ ተቆርጠው ይወጡና ኤክሶኖቹ ይገጣጠማሉ። ዋናው ጨዋታ እዚህ ጋ ነው። ሴሉ አንዱን ኤክሶን ዘሎ ሌላውን ስለሚያስገባ ከአንድ ጂን የተለያዩ ፕሮቲኖች ይወጣሉ፤ የትኛው ይግባ የሚለው ምልክት ደግሞ ኢንትሮኑ ውስጥም አለ።

ዲስትሮፊን የሚባለውን የጡንቻ ፕሮቲን የሚያወጣውን ጂን እይ። 79 ኤክሶን አለው። ርዝመቱ 2.2 ሚሊዮን ፊደል (ጂኑ የተሠራባቸው ትንንሽ አሃዶች) ገደማ ሆኖ ተቆርጦ ሲያልቅ 14 ሺህ ገደማ ብቻ ይቀራል፣ ጉድ ነው! ፊደሎቹ የሚነበቡት ሦስት ሦስት እየሆኑ ስለሆነ፣ በጂኑ ላይ ጉዳት ደርሶ ከኤክሶኖቹ የጎደለው ፊደል ብዛት ለሦስት እኩል የማይካፈል ከሆነ ከዚያ ወዲያ ያለው ንባብ በሙሉ ይዛባል፤ ዱሼን የሚባለው ከባድ የጡንቻ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። ከተካፈለ ግን ፕሮቲኑ አጥሮም ቢሆን በመጠኑ ይሠራል፣ በሽታውም አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላል።

በነገራችን ላይ፣ ኤክሶን ሁሉ ፕሮቲን አይሆንም፤ ጫፍና ጫፍ ላይ ሳይተረጎም የሚቀር አለ።