ከኢንሹራንስ በስሜ የመጣው ቼክ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። መንጋጋ ጥርሴን ክራውን (የጥርስ ሽፋን) አሠራሁ፤ ዋጋው 1,600 ዶላር። ክሊኒኩ «ኢንሹራንስሽን እንቀበላለን፣ ግማሹን ይሸፍናል» ስላለኝ 800 ከፍዬ ወጣሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የ500 ዶላር ቼክ በስሜ በፖስታ መጣልኝ። ተመላሽ መስሎኝ ለቤት ኪራይ አዋልኩት። አሁን ክሊኒኩ ቀሪውን 800 አምጪ ይለኛል። እውነት አለበት?

መልስ፦ ከመራራው ልጀምር። ያ 500 ዶላር ተመላሽ አልነበረም። ለክራውኑ የተከፈለ ነው፤ በእርስዎ እጅ ስላለፈ የክሊኒኩን ሂሳብ አያጠፋውም። አይፈሩ፣ በዚህ የተሳሳቱ የመጀመሪያዋ ሰው አይደሉም።

ግን ለምን 500? «ግማሹን ይሸፍናል» ሲባል የክሊኒኩን ዋጋ ግማሽ ማለት አይደለም። ኢንሹራንሱ ለክራውን ራሱ የቆረጠው ዋጋ አለው። ከቼኩ ተነሥተን ብናሰላው 1,000 ዶላር ያህል ነው። ክሊኒኩ በኔትወርኩ ውስጥ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር በዋጋ ከተዋዋሉት አንዱ ቢሆንና የተዋዋለው በዚሁ 1,000 ቢሆን ኖሮ፣ ከእርስዎ የሚቀበለው 500 ብቻ ነበር። 600ውን ራሱ ይተወዋል። ቼኩም በቀጥታ ለእሱ ይሄድ ነበር። ከኔትወርክ ውጭ ያለ ሐኪም ግን ያን ውል አልፈረመም፤ ሙሉ ዋጋውን ይጠይቃል።

«እንቀበላለን» የምትለዋ ቃል ስንቱን ወገናችንን ጉድ ሠርታለች! ብዙ ጊዜ ትርጉሟ «ፎርሙን ሞልተን እንልክልሻለን» ብቻ ነው። መጠየቅ ያለበት «ከዚህ ፕላን ጋር ውል አላችሁ ወይ?» ተብሎ ነው። «ኔትወርክ ውስጥ ነን» ብለው በቴክስት ወይም በኢሜይል ጽፈውልዎት ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በ600ው ለመከራከር መነሻ አለዎት። መልእክቱን እንዳያጠፉት።

አሁን ወደ ቼኩ። በቨርጂኒያ ሕግ፣ ታካሚው «ክፍያዬ በቀጥታ ለጥርስ ሐኪሜ ይሁን» ብሎ ከፈረመ ኢንሹራንሱ አልቀበልም ማለት አይችልም። በመጀመሪያው ቀን ሳያነቡ ከፈረሟቸው ወረቀቶች መካከል ይህ ይኖር ይሆናል። ኮፒውን ይጠይቁ። ፈርመው ሳለ ቼኩ ለእርስዎ ከተላከ ጥፋቱ የኢንሹራንሱ ነው፤ ሪችመንድ ለሚገኘው የግዛቱ የኢንሹራንስ ቢሮ አቤት ማለት ይቻላል። ገንዘቡ ግን ያኔም ቢሆን የክሊኒኩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ «ግን» አለ፣ እሱም ትልቅ ነው። ኢንሹራንሱን ያገኙት ከሥራ ነው? ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ሕክምናውን የሚከፍሉት ከራሳቸው ኪስ ነው። ካርዱ ላይ የኢንሹራንስ ኩባንያ ስም ቢኖርም ኩባንያው ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያገላብጠው። እንዲህ ያለውን የግል ድርጅት ፕላን የሚገዛው ኤሪሳ የተባለው የ1974 የፌዴራል ሕግ ነው፤ የቨርጂኒያው ሕግ አይደርስበትም። ፕላኑ ክፍያን ለሌላ ማስተላለፍን ከከለከለ፣ ፍርድ ቤቶች ክልከላውን በአብዛኛው ያጸኑታል። አቤቱታውም ለፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር) ይሆናል።

ስለዚህ ነገ የሥራ ቦታዎ ኤች አር (የሠራተኛ አስተዳደር) ቢሮ ሄደው «የጥርሱን ወጪ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው ወይስ ኢንሹራንሱ?» ብለው ይጠይቁ። የፕላኑን መጽሐፍ ደግሞ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በኤሪሳ ሥር ያለ ፕላን ከሆነ አስተዳዳሪው በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥዎት ይገባል። ኢንሹራንሱ ክፍያውን ያሳነሰው አላግባብ ነው ካሉ፣ በኤሪሳ ሥር ላለ ፕላን ይግባኝ ለማለት ውሳኔው ከደረሰዎት ጀምሮ ቢያንስ 180 ቀን አለዎት። ቀኑን የሚቆጥሩት ኢንሹራንሱ ምን ያህል እንደከፈለ የሚገልጸው፣ «ይህ ሂሳብ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ከደረሰዎት ዕለት ነው። ያ ሁላችንም የምንጥለው ወረቀት።

ክሊኒኩን ግን ዝም አይበሉት፤ ሂሳቡ ወደ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ከተላከ ጣጣው ይበዛል። ለማናጀሩ ይደውሉና ቼኩ በእርስዎ ስም መምጣቱን በግልጽ ይንገሩት። በየወሩ በምን ያህል መክፈል እንደሚችሉ ይናገሩ፣ ቅናሽም ይጠይቁ። ውል የሌለው ሐኪም ዋጋውን የሚወስነው ራሱ ነውና መደራደር ነውር የለውም። የተስማሙትን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ሌላ ጥርስ የሚያሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት የሥራውን ዕቅድና ኤክስሬይ ለኢንሹራንሱ ልኮ ግምት እንዲያስመጣ ይጠይቁት። ግምቱ ዋስትና አይደለም፤ ኢንሹራንሱ በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ ካለቀ ያው ምንም አይከፈልም። ቢሆንም 500 እና 800ን ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ይለዩበታል።