«ሞቶ የመጣ» ብዬ የጻፍኩት ልጅ

ሰሞኑን ሁለት ወጣቶች ላፕቶፕ ይዘው ቢሮዬ መጡ። አንዷ ሕክምና ልትጨርስ የደረሰች ኢንተርን ናት፣ አንዱ ሶፍትዌር ይሠራል። በአደጋ ምክንያት ልባቸው የቆመ ሰዎችን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) እገዛ ማትረፍ እንፈልጋለን፣ የድንገተኛ ክፍሉን የድሮ መዝገቦች ይስጡን አሉኝ። ደስ አለኝ። ትንሽም ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ ያን ዕለት በደንብ ስላልነገርኳቸው እዚህ ልጻፈው፣ ለእናንተም ይሆናችኋል።

ሐኪም በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ማታ ተረኛ ነበርኩ። ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ደረቱን በጩቤ ተወግቶ በላዳ ታክሲ አመጡት። ጓደኛው ሸሚዙ በደም ርሶ «አሁን፣ አሁን እኮ እያወራኝ ነበር፣ እዚህ መብራቱ ጋ» ይለኛል። አንገቱን ዳሰስኩ። ትርታ የለም። ደረቱን ትንሽ ተጫንን፣ ከዚያ ተውነው። መዝገቡ ላይ «ሞቶ የመጣ» ብዬ ጻፍኩ። ሰዓት አልጻፍኩም። «አሁን» ስንት ደቂቃ እንደሆነም ጓደኛውን አልጠየቅኩትም።

ያኔ እንደዚያ ነበር የተማርነው። በአደጋ ልቡ የቆመ ሰው አይመለስም፣ ባትደክሙ ይሻላል። ዛሬ ሳስበው ግን ልቡን የሸፈነው ከረጢት በደም ሞልቶ ልቡን አንቆት ሊሆን ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ደረቱ በደቂቃዎች ውስጥ ተከፍቶ ደሙ ከተለቀቀ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። የለንደን የአየር አምቡላንስ ሐኪሞች ተወግተው ልባቸው የቆመ 71 ሰዎችን ሆስፒታል ሳይደርሱ፣ እዚያው የወደቁበት ቦታ ደረታቸውን ከፍተው አክመዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታተመ፤ 13ቱ ተርፈዋል። ነገ ተነሥታችሁ ደረት ክፈቱ እያልኩ አይደለም። የሰለጠነ ቡድን፣ ደምና የቀዶ ሕክምና ክፍል ከጀርባ ከሌለ ከንቱ ነው። ግን 13 ሰው 13 ሰው ነው።

እንግዲህ ፍርሃቴ እዚህ ጋ ነው። እንደኔ ያሉ ሐኪሞች ለዓመታት የጻፉትን መዝገብ ለማሽኑ ስትሰጡት ምን ይማራል? ልቡ ቆመ፣ ሞተ። ልቡ ቆመ፣ ሞተ። ከነዚህ ውስጥ ስንቱን ሞክረንለት እንደሞተ፣ ስንቱን ደግሞ ገና በሩ ላይ እንደተውነው መዝገቡ አይናገርም። ስለዚህ ማሽኑ ቀጣዩን ልጅ ሲያይ «አይተርፍም» ይላል። ተረኛው ሐኪም ይሰማዋል፣ ይተወዋል። ልጁም ይሞታል። ማሽኑም ትክክል ሆነ! እናንተ ትክክለኛነቱ (አኩሪሲው) 99 በመቶ ነው ብላችሁ ታጨበጭባላችሁ፣ እሱ ግን የተማረው ሕክምና ሳይሆን የኛን ተስፋ መቁረጥ ነው። ኮድ የምትጽፉ ልጆች ይህችን አንዷን ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል። ምን እንደተደረገለት ሳታውቁ ማን እንደሞተ ብቻ አትቁጠሩ።

ታዲያ ኤአይ ምን ይሠራል ካላችሁኝ፣ በኔ አስተያየት ትልቁ ሥራው ልብ ከመቆሙ በፊት ነው። በአደጋ የሚቆም ልብ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ታሞ አይደለም የሚቆመው። ደም አልቆበት ነው፣ ወይ ኦክስጅን አጥቶ፣ ወይ ደረት ውስጥ የታፈነ አየር ተጭኖት፣ ወይ እንዳልኳችሁ በደም ታንቆ። ደም ያለቀበትን ልብ መጫን ባዶ ጀሪካን እንደ መጭመቅ ነው። ለዚህ ነው የአውሮፓ መመሪያ ደረት ከመጫን ይልቅ እነዚህን አራቱን መፍታት የሚያስቀድመው። (በልብ ሕመም ድንገት ለወደቀ ሰው ግን ደረት መጫን ነው ሕይወቱ፣ እንዳታምታቱት።)

ወጣት ሰውነት ደግሞ አታላይ ነው። ሆዱ ውስጥ እየደማ የደም ግፊቱ ደህና ሆኖ ይቆያል። ትርታው ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ልጁ ይቁነጠነጣል፣ «በረደኝ» ይላል፣ «ውሃ ስጡኝ» ይላል። ከዚያ በአንዴ ይወድቃል። ሃያ በሽተኛ ያለባት አንዲት ሲስተር 96 የነበረው ትርታ 104፣ ከዚያ 118 መድረሱን ላታስተውል ትችላለች፤ ማሽን ግን አይደክመውም። የአሜሪካ ጦር ያሠራው አንድ ሶፍትዌር የልብ ምትና የደም ግፊት ይዞ የመድማት አደጋውን በሦስት ደረጃ ይለያል፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ አግኝቷል። ልክ እንደ ትጉህ ረዳት። መድማቱ በጊዜ ከታወቀ ደግሞ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ርካሽ መድኃኒት አለ፤ በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ ተጎጂዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ሞት እንደሚቀንስ ታይቷል። ግን በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ካለፈ ሊጎዳም ይችላል።

ማስጠንቀቂያ ብቻውን ግን አያድንም። ኮፐንሃገን ውስጥ የአምቡላንስ ጥሪ የሚያዳምጥ ኤአይ ሠርተው ነበር። በተቀዱ ጥሪዎች ሲፈተን ልቡ የቆመን ሰው ከስልክ ተቀባዮቹ በተሻለና በፈጠነ መንገድ ለየ። እሰየው ተባለ። በእውነተኛ ሥራ ላይ፣ ግማሹ ጥሪ ማስጠንቀቂያ እየታየበት ግማሹ ሳይታይበት ሲሞከር ግን በስልክ ተቀባዮቹ ሥራ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ማሽኑ ሰምቷል፣ ሰውየው አልተለወጠም። ስለዚህ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ ድንገተኛ ክፍል መጥታችሁ ቁሙ። አምቡላንሱ ሲገባ ማን ወዴት እንደሚሮጥ፣ ደም ለማምጣት ማን ወረቀት ይዞ ስንት ደረጃ እንደሚወጣ እዩ። ስክሪኑን የሚያይ ሰው አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ያኔ ይገባችኋል።

ስለ ሰዓትም ላጫውታችሁ። ሶፍትዌር የሚሠራው ልጅ መዝገቡን ሲያገላብጥ ቆይቶ «ዶክተር፣ ይሄ በሽተኛ ሆስፒታል ከመድረሱ ስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ግሉኮስ ተተክሎለታል» አለኝ። ሳቅኩ። ካርድ ክፍል የመጣበትን 8:10 ብሎ በፈረንጅ ጽፏል፣ ሲስተር ደግሞ የተከለችበትን 2:20 ብላ በሀበሻ። ለኛ አሥር ደቂቃ መሆኑ ግልጽ ነው፣ ለማሽኑ ተአምር ነው። ኢንተርኖች፣ ይሄ የናንተ ሥራ ነው። መቼ ተጎዳ፣ መቼ መጨረሻ ተናገረ፣ መቼ ገባ፣ መቼ ምን ተደረገለት። ድፍኑን 3:00 ሳይሆን 3:07 ብላችሁ ጻፉ። ይህን ስል በሆዴ ማፈሬ አልቀረም።

ልጁ ሊወጣ ሲል ላፕቶፑን ወደኔ አዙሮ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሰዓት ያልተጻፈባቸውን መስመሮች ምን እናድርጋቸው፣ በግምት እንሙላቸው? አትሙሉ አልኩት። ባዶ ይሁኑ። አንዱ የኔ ነው።