አሥር ቁጥሩ ለምን ተሸጠ?

ጥያቄ፦ ለስፖርት አምድ አዘጋጅ። የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከመርካቶ ገዝቼ ከጀርባው «ስሚዝ ሮ 10» ብዬ ያሳተምኩለት የአርሰናል ማሊያ አለው። ተጫዋቹ ለፉልሃም ከተሸጠ ወዲህ «አባዬ፣ ጎበዝ ከሆነ ለምን ሸጡት?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔም የዚሁ ክለብ ደጋፊ ነኝ፤ ልጁን የሚያረካ መልስ ግን አጣሁ። አሁን ደግሞ ቁጥሩን ሌላ ተጫዋች ለብሶታል። ክለባችን በክረምቱ ማንን እንደሚሸጥ የሚወስነው በምን መነሻ ነው? የማሊያውንስ ስም ላስነሳለት?
አንድ አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስሚዝ ሮ በአውሮፓውያኑ ነሐሴ 2024 መጀመሪያ ላይ ሲሸጥ ልጅዎ የጠየቀውን እኔም ጠይቄአለሁ። እኔ ያገኘሁትን መልስ ልጻፍልዎት፤ ለልጅዎ የሚሆነውን እርስዎ መጥነው ይንገሩት።

በመጀመሪያ ልጅዎ አልተሳሳተም። ኤሚል ስሚዝ ሮ ጎበዝ ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰፈራችን ባለው የዲኤስቲቪ ቤት የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርገን፣ ተራርቀን ተቀምጠን ነበር። አርሰናል በሊጉ ሰባት ጨዋታ ሳያሸንፍ ቆይቶ 15ኛ ደረጃ ላይ ወርዷል፤ የሚገጥመው ደግሞ ቼልሲን ነው። አሠልጣኛችን ሚኬል አርቴታ የ20 ዓመቱን ልጅ ከአጥቂው ጀርባ አሰለፈው። 3 ለ 1 አሸነፍን። ስሚዝ ሮ ግብ አላስቆጠረም፤ ኳስ በነካ ቁጥር ግን ወደኋላ መመለስ የለመደው ቡድን ፊቱን ወደ ግብ ያዞር ነበር። ያ ድል የአርቴታን ሥራ አትርፎለታል ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። በቀጣዩ ክረምት 10 ቁጥር ተሰጠው፤ በ2021/22 የውድድር ዘመን በሊጉ 10 ግብ አስቆጠረ፤ በዚያው ዘመን በመስከረም ቶተንሃምን 3 ለ 1 ስናሸንፍ የመጀመሪያዋን ግብ ያገባው እርሱ ነው። ከዚያ የብሽሽት ጉዳት መጣ፣ ቀዶ ሕክምና ተከተለ፤ ሲመለስ ቦታውን ማርቲን ኦዴጋርድ ይዞታል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሜዳ ውጭ ነው፤ ለልጅ ለማስረዳት የሚከብደውም እርሱ ነው። ስለ ኳስ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት 19 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ስለነበርኩ ይህን ክፍል በደንብ አውቀዋለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት መኪና ሲገዛ ሙሉ ዋጋውን የአንድ ዓመት ወጪ አያደርገውም፤ በአገልግሎት ዘመኑ እያካፈለ የእርጅና ቅናሽ ይይዝለታል። የእንግሊዝ ክለቦችም ተጫዋች ሲገዙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በ100 ሚሊዮን ፓውንድ ተገዝቶ የ5 ዓመት ውል የፈረመ ተጫዋች በየዓመቱ መዝገብ ላይ የሚያርፈው 20 ሚሊዮን ሆኖ ነው። ይህ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በኋላ በ50 ሚሊዮን ቢሸጥ ገና ያልተቀነሰ 40 ሚሊዮን ስላለበት በትርፍ የሚመዘገበው 10 ሚሊዮን ብቻ ነው። እንደ ስሚዝ ሮ በክለቡ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ያደገ ልጅ ግን የግዢ ዋጋ የለውም። በ30 ሚሊዮን ቢሸጥ 30 ሚሊዮኑ በሙሉ በዚያው ዓመት ትርፍ ይሆናል።

ስሚዝ ሮ ሲሸጥ የነበረው የፕሪሚየር ሊጉ ደንብ ክለቦች በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስሩ ይከለክል ነበር። ኤቨርተንና ኖቲንግሃም ፎረስት በ2023/24 ነጥብ የተቀነሰባቸው በዚህ ደንብ ነው። እንግዲህ ይታይዎት፤ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ሲገልጥ ለመሸጥ የሚያጓጓው የመጀመሪያ ስም ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ክለቡ ኮትኩቶ ያሳደገው ልጅ ነው። ቼልሲ ሜሰን ማውንትንና ኮነር ጋላገርን ሲሸጥ ያየነውም ይህንን ነው። ደንቡ ክለቦችን ከኪሳራ ለመጠበቅ የወጣ ነበር፤ ደጋፊ «የእኛ ልጅ» ብሎ የሚጠራውን ተጫዋች ከሁሉ ቀድሞ ለገበያ የሚያቀርብ መሆኑ ግን ያናድደኝ ነበር።

እንዲህም ሆኖ በስሚዝ ሮ ሽያጭ ክለቡን አልወቅስም። ልጁ መጫወት ነበረበት፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የሚጫወትበት ቦታ አልነበረም። እኔ የምወቅሰው በዚያው ወር መጨረሻ የተደረገውን ነው። ነሐሴ 30 ቀን አጥቂው ኤዲ ንኬቲያ ለክሪስታል ፓላስ ተሸጠ። ማንቸስተር ዩናይትድን በጥር 2023 በ90ኛው ደቂቃ ባስቆጠራት ግብ 3 ለ 2 ያሸነፍንበት ንኬቲያ ነው። በእርሱ ቦታ አጥቂ አልተገዛም። ራሂም ስተርሊንግ ከቼልሲ በውሰት መጣ፤ በሊጉ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ዓመቱን ጨረሰ። በጥር ጋብሪኤል ጄሱስ የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ፤ በየካቲት ካይ ሃቨርትዝ ዱባይ ላይ በልምምድ ወቅት ተጎዳ። በመካከሉ የጥር የዝውውር መስኮት ተከፍቶ ተዘጋ፤ ማንም አልመጣም። ሌስተር ላይ አማካዩ ሚኬል ሜሪኖ አጥቂ ሆኖ ገብቶ ሁለት ግብ አገባ፤ እኛም ደስ ብሎን ጨፈርን። በሳምንቱ በሜዳችን ዌስትሃም 1 ለ 0 አሸነፈን።

አሁን የሒሳብ ሰው ነኝና ይህችን ስሌት ለልጅዎ ያሳዩልኝ፤ በ11 ዓመቱ ይገባዋል። በ2024/25 ዋንጫውን ያነሣው ሊቨርፑል የተሸነፈው 4 ጨዋታ ነው፤ አርሰናልም የተሸነፈው 4 ብቻ ነው። ሊቨርፑል 25 አሸንፎ 9 አቻ ወጣ፤ አርሰናል 20 አሸንፎ 14 አቻ ወጣ። 84 ነጥብና 74 ነጥብ። የአሥሩ ነጥብ ልዩነት በሙሉ ያለው አቻ በቀሩ አምስት ጨዋታዎች ውስጥ ነው። ግባችንም ካለፈው ዓመት 91 ወደ 69 ወርዶ ነበር። አቻ የሆነን ጨዋታ በ80ኛው ደቂቃ ገብቶ የሚያሸንፍልህ አንድ አጥቂ ከተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲጠፋ መዝገቡ የሚያሳየው ይህንን ነው።

ስለ ማሊያው፦ እባክዎ ስሙን አያስነሱበት። ያ ስም ልጅዎ ኳስ መውደድ የጀመረበት ስም ነው። ቁጥሩን አሁን የለበሰው ኤቤሬቺ ኤዜ መሆኑንም ይንገሩት፤ ታሪኩን ሲሰማ የሚያኮርፍበት አይመስለኝም። ኤዜን አርሰናል በ13 ዓመቱ ከታዳጊ ቡድኑ አሰናብቶት ነበር። ልጅዎን በሁለት ዓመት ብቻ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ከ14 ዓመት ያህል በኋላ ያው ክለብ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፍሎ ከክሪስታል ፓላስ ገዛው። አዲስ ማሊያ መግዛትዎ ካልቀረ ደግሞ የቡካዮ ሳካን 7 ቁጥር ያሳትሙለት፤ እርሱም ከዚያው ማሠልጠኛ የወጣ ነው፣ አብሮንም አለ።

ጥያቄ፦ በ2025 ክረምት አጥቂው ቪክቶር ዮኬሬሽ መገዛቱ አጥቂ ያለመግዛቱን ስህተት አርሞታል? ደግሞስ ለእርስዎ የ2024ቱ ክረምት ይከፋል ወይስ አጥቂያችን ሮቢን ቫን ፐርሲ የሄደበት 2012?
የአምዱ ተከታታይ፣ ከጅዳ

መልስ፦ የአጥቂውን ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን መልሶታል። በስፖርቲንግ ሊዝበን በ102 ጨዋታ 97 ግብ ያገባ ሰው ነው የመጣው፤ የቀድሞውን ታላቅ አጥቂያችንን የቲዬሪ ኦንሪን 14 ቁጥርም ሰጡት። እኔን ከዚያ ይልቅ ያስደሰተኝ በዚያው ክረምት ከማሠልጠኛው የወጡት ማይልስ ሉዊስ ስኬሊና ኢታን ንዋኔሪ አዲስ ውል መፈረማቸው ነው። ክለቡ ልጆቹንም ማቆየት እንደሚችል ያየሁት በዚያ ነው።

ሁለቱን ክረምቶች በተመለከተ፣ የከፋ ስህተት የ2024ቱ ነው፤ ምክንያቱም ማንም ሳያስገድደን በራሳችን ምርጫ የሠራነው ነው። በ2012 ግን ቫን ፐርሲ የቀረው የአንድ ዓመት ውል ብቻ ነበር፤ አላድስም ብሎ በይፋ ጻፈ። ክለቡ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ለዩናይትድ ሸጠው፤ ባይሸጠው በዓመቱ በነጻ ይሄድ ነበር። አእምሮዬ ይህን ይቀበላል።

ልቤን ያመመው ግን የ2012ቱ ነው። ሚያዝያ 20 ቀን 2005 ዓ.ም. የሆሳዕና ዕለት ነበር። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የመለስኩት የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ ሳለ አመሻሹ ላይ ወደ ዲኤስቲቪ ቤቱ ሄድኩ። ዩናይትድ 20ኛ የሊግ ዋንጫውን ከስድስት ቀን በፊት አረጋግጦ ነበር፤ አስቶን ቪላ ላይ ሦስቱንም ግብ ያስቆጠረው ቫን ፐርሲ ነው። በልማዱ መሠረት የአርሰናል ተጫዋቾች በኤሚሬትስ ስታዲየም ግራና ቀኝ ተሰልፈው ለሻምፒዮኖቹ አጨበጨቡ፤ እርሱም በመካከላቸው አለፈ። ዋልኮት ገና በሁለተኛው ደቂቃ አገባልን። ከእረፍት በፊት ቫን ፐርሲ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረጋቸው። ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጨዋታው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እኔም ወደ ቤቴ የሄድኩት ቀለበቱን በጣቴ እያዞርኩ ነበር።