ሚኒሞዋ አልረጋ ያለችው ቪትዝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከዚሁ ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው። ቪትዝ አለችኝ። ከሁለት ወር ወዲህ ቆማ ስትሠራ ሚኒሞዋ አይረጋም። ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም አደባባይ ላይ ጥፍት ትልብኛለች። መንገድ ስትይዝ ግን ምንም የላትም። የቼክ ኢንጅን መብራት በርቷል። ካንዴላ ሁለቴ ቀየርኩ፣ አሁን ደግሞ ኢንጀክተር ቀይሪ እየተባልኩ ነው። ሰሞኑን ፍሬኑም ጠጠር ብሎብኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር ለጊዜው ተዪው። ከጻፍሽው ሁሉ ጆሮዬን ያቆመው «መንገድ ስትይዝ ምንም የላትም» ያልሽው ነው። ነዳጅ ቢያጥራት ዳገት ላይ ታሳብቅ ነበር። ቆማ የምትንገዳገድ፣ ነዳጅ ሲረገጥላት የምትረጋ መኪና ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ አየር እየሰረቀች ነው።

ሞተር አየር የሚስበው በአንድ በር ነው። ሚኒሞ ላይ ያ በር ሊዘጋ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ፒስተኖቹ ግን መሳባቸውን አይተዉም። ስለዚህ ማኒፎልዱ፣ ማለትም አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ፣ ውስጥ ስበቱ የሚበረታው ያኔ ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ ካለ አየሩ በዚያ ሾልኮ ይገባል። 1 ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 14.7 ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚያ ሲበዛ ቅልቅሉ ይሳሳል። ነዳጅ ስትረግጪ ግን በሩ ወለል ይላል፣ በስንጥቁ የሚገባው ኢምንት ይሆናል።

የቼክ ኢንጅን መብራቱን ያበራውን የብልሽት ኮድ በማሽን አስነብቢ። ፒ0171 ካለ ቅልቅሉ ሳስቷል ማለት ነው። ቀዳዳው የት እንዳለ ግን አይነግርሽም፤ የደከመ የነዳጅ ፓምፕም ይህንኑ ኮድ ያመጣል። መካኒክሽ የመኪናዋ ኮምፒውተር የሚጨምረውን ነዳጅ በማሽኑ ይይ። ሚኒሞ ላይ በዝቶ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ከቀነሰ አየር ነው። ዙር ሲጨምር ከባሰ ፓምፑን ይጠርጥር።

ከማሽን በፊት ግን ጆሮ አለ። ሬዲዮውን አጥፊ፣ ኮፈኑን ክፈቺ። አንድ ክንድ የሚሆን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮሽ ላይ አድርጊና ሌላውን በየቱቦው መጋጠሚያ አስኪጂው። ነጠላሽን አውልቂ፣ ቺንጊያና ማራገቢያው አጠገብ እጅሽን አታድርሺ። «ስስስ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ አገኘሽው። መካኒክ ከሆነ ደግሞ ቱቦዎቹን ተራ በተራ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቀስ ብሎ ይጭመቃቸው። አንዱን ሲጭመቅ ሚኒሞው ከተስተካከለ ጥፋተኛው እሱ ነው። ቤንዚን እየረጩ የሚፈልጉ አሉ። እኔ ጋራዥ ውስጥ ይህን ማንም አያደርግም። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን! የሳሙና ውሃ ከኤሌክትሪክ ሽቦ አርቆ ጠብ ማድረግ ይበቃል።

እኔም ተሸውጄ አውቃለሁ። ድሮ ከአጋሮ የመጣች ዲኤክስ ነበረች፣ የቡና ነጋዴ መኪና። ካርቡራቶሯን ሁለቴ አወረድኩ፣ አጠብኩ፣ መለስኩ። ወይ ፍንክች! በማግስቱ ረዳቴ፣ ገና ልጅ ነው፣ ማኒፎልዱ ላይ ያለች አጭር ቧንቧ ላይ አውራ ጣቱን ጣል አደረገ። ሚኒሞው ወዲያው ረጋ። የቧንቧዋ የጎማ ቆብ በሙቀት ደርቃ ተሰንጥቃለች፤ ከጣት ጫፍ አትበልጥም። ልጁ ዛሬም ያሾፍብኛል።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ይሄ አይቆይም። ፍሬኑን የሚያቀልልሽ ሰርቮ የሚሠራው በዚያው በማኒፎልዱ ስበት ነው፤ የእሱ ቱቦ ከተሰነጠቀ ሚኒሞውም ይረበሻል፣ ፔዳሉም ይጠጥራል። እንዲህ ሞክሪው። ሞተሩን አጥፊና ፔዳሉ እስኪጠጥር አምስት ስድስት ጊዜ ርገጪ። እንደረገጥሽ ሞተሩን አስነሺ። ፔዳሉ ከእግርሽ ሥር ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ከማኒፎልዱ ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ መጀመሪያ አሳዪ፤ መጋጠሚያው ላይ አጎንብሶ ማየት ነው፣ ስንጥቁ ከሥር በኩል ይደበቃል። ቱቦው ደህና ከሆነ ሰርቮው ራሱ ይፈተሽ።

እስኪሠራ ድረስ አዲስ አበባ የሚያስኬድ ጉዳይ ካለሽ በአውቶብስ ሂጂ። የጊቤን ቁልቁለት በዚህ ፍሬን አትውረጂ።